ስሙ ካልገነነ ሰው ጋር ተቀምጦ ስለ መነጋገር

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ የአዳምን ልጆች ከአንድ አፈር ለፈጠረ፥ የሰውንም ክብር በዘሩና በገንዘቡ ሳይሆን ጌታውን በመፍራቱ ለመዘነ ለአላህ ይገባው። ሰለዋትና ሰላም ከድኻው ጋር በአንድ ምንጣፍ ለተቀመጡት፥ የባልቴቲቱንም ጉዳይ እስከ መጨረሻው ላደመጡት ለነቢያችን ለሙሐመድ፥ ለቤተ ሰቦቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ሁሉ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፥ የአላህ ባሮች ሆይ! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ይኸውም ስሙ ካልገነነ፥ ወሬው ከከተማ ከተማ ካልተነገረለት ሰው ጋር ተቀምጦ፥ ጊዜ ሰጥቶ፥ ጠይቆና አድምጦ ስለ መነጋገር ነው። በዚህ ነገር እኔ ራሴ የሠራሁት በደል አለ፤ እርሱንም ሳልደብቅ በስፍራው እነግራችኋለሁ።

እስቲ ልማዳችንን ተመልከቱ። አንድ ታላቅ ዓሊም ወይም ባለጸጋ ወይም ሹም ወደ ሰፈራችን የመጣ እንደ ሆነ በበሩ ላይ እንጋፋለን፤ ከአፉ አንድ ቃል ብንሰማ ዓመት ሙሉ እንተርከዋለን። ጫማችንን የሚሰፋልንን፥ ዳቦ የምትጋግርልንን፥ ውኃ የሚቀዳልንን፥ በሌሊት በራችንን የሚጠብቅልንን ሰው ግን «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለን እናልፈዋለን፤ መልሱንም ሳይጨርስ እግራችን ይርቃል። ሰላምታ ሱና ነው፤ አጅሩም የታወቀ ነው። ነገር ግን ሰላምታ እንደ በር ነው። በየቀኑ በሩን አንኳኩቶ ሳይገባ የሚመለስ ሰው በውስጡ ስላለው ቤት ምን ያውቃል?

ወንድሞቼ ሆይ! በዚህ ነገር የመጀመሪያው ማስረጃ ከጌታችን መጽሐፍ ከሰማንያኛው ሱራ ከ«ዐበሰ» ይገኛል። ነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በመካ ከቁረይሽ አለቆች ጋር ይነጋገሩ ነበር። እነዚህ ቢያምኑ ሕዝቡ ይከተላቸዋል ብለው ተስፋ አድርገው ነበርና አሳባቸው መልካም ነበረ። በዚያን ጊዜ ዓይነ ሥውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም መጣና አላህ ካስተማራቸው እንዲያስተምሩት ለመነ። ጊዜው ስላልተመቸ ነቢዩ ፊታቸውን አጨፍግገው ዞር አሉ። ዓይነ ሥውሩ ፊታቸውን ሊያይ አልቻለም፤ አላህ ግን አየ፤ እስከ ቂያማ ቀን የሚነበብ ወቀሳም አወረደ። ከዚያ ወዲያ ነቢያችን ያንን ሰው ያከብሩት ነበር። በመዲናም ከቢላል ጋር ሙአዚን አደረጉት፤ ወደ ዘመቻ ሲወጡም ከተማይቱን በእርሱ አደራ ትተው ይሄዱ ነበር። እንግዲህ በፍጥረት ሁሉ የላቁት ነቢይ፥ በመልካም አሳብ ሳሉ እንኳ፥ ዞር በማለታቸው ከተወቀሱ፥ ያለ አንዳች መልካም አሳብ በየቀኑ ዞር የምንለው እኛ እንዴት እንሆን?

ሁለተኛውን ማስረጃ ከአንዲት ሴት ነገር ውሰዱ። አውስ ኢብኑ ሷሚት የተባለ ሰው ሚስቱን ኸውላ ቢንት ሠዕለባን ተቆጥቶ «አንቺ ለእኔ እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ» አላት። በጃሂሊያ ዘመን ይህ ቃል ሚስትን ከባልዋ የሚለይ ቃል ነበረ። ኸውላ ወደ ነቢዩ ሄደች፤ ነገርዋን ገለጸች፤ ተከራከረች፤ ለጌታዋም አቤት አለች። እናታችን ዓኢሻ በዚያው ቤት ሳሉ ከንግግርዋ ከፊሉ እንዳልተሰማቸው ተናግረዋል። ለዓኢሻ ያልተሰማው ቃል ግን ከሰባቱ ሰማያት በላይ ተሰማ። ሀምሳ ስምንተኛው ሱራ የሚጀምረው በዚህች ሴት ንግግር ነው። በእርስዋም ምክንያት ፍርድ ወረደ፤ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ባል ወደ ሚስቱ ከመመለሱ በፊት ባሪያ ነጻ እንዲያወጣ፥ ያላገኘ ሁለት ወር አከታትሎ እንዲጾም፥ ያልቻለም 60 ድኾችን እንዲያበላ ታዘዘ። አንዲት ሴት እስከ መጨረሻው ስለ ተደመጠች ከእርስዋ በኋላ የመጡት ሴቶች ሁሉ ከዚያ ግፍ ዳኑ።

ከብዙ ዓመት በኋላም ሰይዲና ዑመር ኸሊፋ ሆነው ከሰዎች ጋር ሲሄዱ ይህችው ሴት በመንገድ ላይ አስቆመቻቸው ተብሎ ይተረካል። ያን ጊዜ አርጅታ ነበር። ረጅም ነገር ነገረቻቸው፤ እርሳቸውም ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ቆመው አደመጡ። ከጓደኞቻቸው አንዱ «ለአንዲት አሮጊት ብለው ይህን ያህል ሕዝብ ያስቆማሉን?» ቢላቸው፥ አላህ የሰማትን ሴት ዑመር እንዴት አይሰማትም ብለው መለሱለት።

የአላህ ባሮች ሆይ! ከዚህ የሚያሳዝን ደግሞ አለ። በመዲና መስጊድ የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። በታላላቆቹ የሐዲስ መጻሕፍት ነገርዋ ሲጻፍ በስምዋ አልተጠራችም። ነቢያችን ባጧት ጊዜ «ወዴት ሄደች?» ብለው ጠየቁ፤ ሞታለች አሏቸው። ሰዎቹ ነገርዋን እንደ ትንሽ ነገር ቆጥረው ለነቢዩ ሳይነግሩ ቀብረዋት ነበር። ነቢያችንም ስላልነገሯቸው ወቀሷቸው፤ መቃብርዋን አሳይተዋቸው ሄደው በላዩ ሰገዱላት። ልብ አድርጉ፤ ቀባሪዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ሰሐቦች ነበሩ፤ አጥበው፥ ከፍነው፥ ሰግደው ቀብረዋታል። የጎደላቸው ነገር ቢኖር፥ ይህች ሴት በነቢዩ ልብ ውስጥ ምን ያህል ስፍራ እንዳላት አለማወቃቸው ነው። ዛሬ በየመስጊዳችን የሚጠርጉትን ሰዎች ስማቸውን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ቀሪው ሰው ከጎደለ በስንተኛው ቀን ይታወቀናል?

አሁን ደግሞ የኡወይስ አል ቀረኒን ነገር ስሙ። ሰይዲና ዑመር ከ13 እስከ 23 ዓመተ ሂጅራ የሙእሚኖች አሚር ነበሩ። የፋርስና የሮም ምድር በእጃቸው ተከፍቶ ሳለ፥ ከየመን ጭፍሮች በመጡ ቁጥር «ኡወይስ ኢብኑ ዓሚር በመካከላችሁ አለን?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ነቢያችን ስለዚህ ሰው ነግረዋቸው ነበርና። ምልክቱም እናቱን አክባሪ መሆኑና፥ ከለምጽ ድኖ በሰውነቱ ላይ አንዲት ዲርሀም የምታህል ነጥብ መቅረትዋ ነበረ። ባገኙት ጊዜ አንድ በአንድ ጠየቁት፤ እያንዳንዱንም ጥያቄ መለሰላቸው። በመጨረሻም ምሕረትን እንዲለምንላቸው ጠየቁት፤ ለመነላቸውም። ወደ ኩፋ እንደሚሄድ ሲነግራቸው «ለአገረ ገዢው ደብዳቤ ልጻፍልህን?» አሉት። እርሱ ግን ማንም ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል መሆንን እንደሚመርጥ ነገራቸው።

በሚከተለው ዓመት ከኩፋ ታላላቆች አንዱ ለሐጅ መጣ። ዑመር ስለ ኡወይስ ቢጠይቁት፥ ቤቱ ያረጀ፥ ዕቃውም ጥቂት የሆነ ሰው ነው ሲል መለሰ። አስተውሉ! ያ ታላቅ ሰው ከኡወይስ ጋር በአንድ ከተማ ይኖር ነበር። ከእርሱ ያወቀው የቤቱን ማርጀትና የዕቃውን ማነስ ብቻ ነው፤ ይህም ከመንገድ ላይ የሚታይ ነገር ነው። በመዲና ያሉት ኸሊፋ ግን የሰውየውን እናት፥ በሽታውን፥ ዱዓውን ያውቁ ነበር። አንዱ ጠይቆ አወቀ፤ ሌላው ጎረቤት ሆኖ ሳለ አላወቀም።

እንዲሁም የእናታችንን የኡሙ አይመንን ነገር አንርሳ። እርሳቸው ከሐበሻ ወገን የሆኑ፥ ስማቸውም በረካ የሚባል፥ ነቢያችንን በልጅነታቸው ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ነቢያችን ይጠይቋቸው ነበር። ነቢያችን ከሞቱ በኋላ ሰይዲና አቡበክር ዑመርን፥ ነቢዩ ያደርጉት እንደ ነበረ እኛም ሄደን እንጠይቃቸው አሏቸው። በደረሱ ጊዜ ሴትዮዋ አለቀሱ። ሁለቱ ሊያጽናኗቸው ወደው፥ በአላህ ዘንድ ያለው ለነቢዩ የተሻለ መሆኑን አስታወሷቸው። ኡሙ አይመን ግን ያንን አውቃለሁ፤ የማለቅሰው ራእዩ ከሰማይ መውረዱ ስለ ተቋረጠ ነው አሉ። ሁለቱ ታላላቆችም አብረው አለቀሱ። ሊያጽናኑ መጥተው ተማሩ። ምክንያቱን ሳይጠይቁ «አይዞዎት» ብለው ተነሥተው ቢሆን ኖሮ ያ ትልቅ ቃል አይገኝም ነበር።

ወንድሞቼ ሆይ! ዑለማችንም በዚህ መንገድ ሄደዋል። የቁርአንን ቋንቋ ለመጠበቅ የተነሡት ሊቃውንት፥ እንደ በስራው አል አስመዒ ያሉት፥ ወደ በረሓ ወጥተው ከግመል ጠባቂዎች ጋር ተቀመጡ፤ የአንዱን ቃል ትርጉም ለመረዳት የዘላን አዛውንትና ልጅ ጠየቁ። አል አዝሀሪ የተባሉት የሄራት ሰው በ312 ዓመተ ሂጅራ ከሐጅ ሲመለሱ በቀራሚጣዎች እጅ ወድቀው በዘላኖች መካከል ተማርከው ኖሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ዘመን እንደ ጠፋ ዕድሜ ይቆጥረው ነበር። እርሳቸው ግን ከማራኪዎቻቸው ንግግር እየለቀሙ «ተህዚብ አል ሉጋ» ለተባለው ታላቅ መዝገበ ቃላታቸው ስንቅ አደረጉት። ዛሬ አንድ ዓሊም የአንዱን አያ ቃል ሲተረጉም ስሙ ያልተጻፈ እረኛ አስተማሪው ነው።

አሁን የገባሁላችሁን ቃል ልፈጽም።

ከብዙ ዓመት በፊት በማሰግድበት መስጊድ ከጀማዓ የማይለይ አንድ ሰው በድንገት ቀረ። ሰዎችም «ዱንያ በለጠበት» አሉኝ። እኔም ሳልመረምር በሁለት ጁሙዓዎች በሚንበር ላይ ቆሜ ጀማዓን ስለሚተዉ ሰዎች በኃይል ተናገርሁ። ስም አልጠራሁም፤ ግን ማንን እንዳልሁ ሕዝቡ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን ከዙህር ሶላት ስወጣ ብርቱ ዝናም ያዘኝና ወደ ውዱእ ስፍራው ተጠጋሁ። በዚያ ማሰሮዎቹን የሚሞላ አንድ ሽማግሌ ነበረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላም ስንባባል ኖረን፥ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ግን ተነጋግረን አናውቅም። ዝናሙ እስኪያባራ ብዬ ከድንጋዩ ላይ አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ አገሩን ጠየቅሁት። ስለ አባቱ እርሻ፥ የጕድጓዱ ውኃ ስለ ደረቀበት ዓመት፥ በእግሩ ወደ ከተማ ስለ መጣበት መንገድ ነገረኝ። ዝናሙ አባራ፤ እኔ ግን አልተነሣሁም። «ሰውን በውዱኡ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ዕዳ ያለበት ሰው እየቸኮለ ይታጠባል፤ ኀዘን ያለበት ደግሞ ቁጥሩን ይረሳና ክንዱን አራት ጊዜ ያጥባል።»

ከዚያም ዝም አለና ቆይቶ የዚያን ሰው ስም አነሣ። «ሸኽ፥ እርሱ ሶላት ጠልቶ አልቀረም። አበዳሪው በፊተኛው ረድፍ ይቆማል። የሚከፍለው ስለሌለው ፊቱን ለማየት አፍሮ ነው። በሱብሒ ጨለማ እየመጣ ከእነዚህ ማሰሮዎች ኋላ እርስዎን ተከትሎ ይሰግዳል፤ ሰላም ሲባል ሳይነጋ ይሄዳል። ምሥጢሩን ያወጣሁት ተበድሎ ስላየሁት ነው።»

እኔም ደንግጬ «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁት። ሽማግሌውም ያለ ቁጣ «ጠይቀውኝ አያውቁም» አለኝ።

የአላህ ባሮች ሆይ! መጻሕፍቱን አንብቤአለሁ፤ ከታላላቆች እግር ሥር ተቀምጬአለሁ፤ ስለ ሕዝቤ ግን ማሰሮ የሚሞላው ሰው ከእኔ ይልቅ ያውቅ ነበር። በዚያው ማታ ወደ ሰውየው ቤት ሄጄ ይቅርታ ለመንሁ። ወደ አበዳሪውም ሄጄ፥ የተቸገረን ባለዕዳ እስኪያገኝ መታገሥ የአላህ ትእዛዝ መሆኑን፥ መማር ደግሞ የበለጠ መሆኑን አስታወስሁት። እርሱም የሰውየውን መቸገር አላወቀም ነበርና ግማሹን ማረለት፥ ለቀረውም ጊዜ ሰጠው። ሰውየው ወደ ረድፉ ተመለሰ። ነገር ግን ያ ኹጥባ በተነገረ ቀን ትንሹ ልጁ በኋለኛው ረድፍ ተቀምጦ ሰምቶ ነበር። አባቱ ይቅር አለኝ፤ ያንን ቃል ከልጁ ጆሮ ማውጣት ግን አልቻልሁም። ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሰው የሚደርስበት ይህ ነው።

እንግዲህ ይህን ሥራ ለመሥራት የሚወድ ሰው ሥርዓቱን ይወቅ።

አንደኛ፥ ይታገሥ። በአሥራ ስምንተኛው ሱራ እንደ ተተረከው ነቢዩ ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) የተናገራቸው ጌታ መልእክተኛ ሆነው ሳሉ፥ ቁርአን በስሙ ካልጠራው አንድ ባሪያ ለመማር ረጅም መንገድ ሄዱ። ያም ባሪያ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃቸው ትዕግሥትን ነበር። ተራ ሰው ነገሩን እንደ መጽሐፍ በምዕራፍ ከፍሎ አያቀርብም፤ ይዞራል፥ ይመለሳል፥ ዝም ይላል። በዝምታው ጊዜ የተነሣ ሰው ዋናውን ነገር ሳይሰማ ይሄዳል።

ሁለተኛ፥ ሙሉ ፊቱን ይስጥ። ነቢያችን ወደ ሰው ሲዞሩ በመላ አካላቸው ይዞሩ እንደ ነበረ ተላልፎልናል። ዛሬ ብዙዎቻችን ጆሮአችንን ለሰውየው፥ ዓይናችንን ለእጅ ስልካችን እንሰጣለን፤ ይህ ከመቀመጥ አይቆጠርም።

ሦስተኛ፥ አይሰልል። የሰውን ነውር መፈለግ በቁርአን የተከለከለ ነው። ጥያቄህ ሰውየው ሊነግርህ የሚወደውን በር የሚከፍት እንጂ የተዘጋውን የሚሰብር አይሁን። የሰማኸውም አደራ ነው፤ በገበያ ለወሬ አትሽጠው።

አራተኛ፥ እንደ ምጽዋት አያድርገው። ድኻውን ላነጋግረው ብለህ ራስህን እንደ ቸር ቆጥረህ የተቀመጥህ እንደ ሆነ ሰውየው ይህን ከፊትህ ያነበዋል። ነቢዩ ሱለይማን ያን ሁሉ መንግሥት ይዘው ሳሉ፥ ሁድሁድ የምትባል ወፍ እርስዎ ያላወቁትን አውቄ መጣሁ ብላ የሰበእን ወሬ ብትነግራቸው አላናቋትም፤ አደመጧት፥ እውነቱንም መረመሩ። ንጉሥ ከወፍ ከተማረ አንተ ከጎረቤትህ ለመማር ምን ይከለክልሃል?

ወንድሞቼ ሆይ! የሩቅ አገር አልጠየቅኋችሁም። ከዚህ ሶላት ስትወጡ ጫማችሁን የሚጠብቀው ሰው በበሩ ላይ አለ። በቤታችሁ አያት ወይም አክስት አሉ። በሥራ ስፍራችሁ ከሁሉ አስቀድሞ መጥቶ ከሁሉ ኋላ የሚሄድ ሰው አለ። ከእነዚህ ከአንዱ ጋር በዚህ ሳምንት ተቀመጡ። አገሩንና የእናቱን ስም ጠይቁ፤ ሥራውን እንዴት እንደ ተማረ ጠይቁ፤ ከዚያም ዝም ብላችሁ ስሙ። የምታገኙት ዕውቀት ሊሆን ይችላል፤ የተጨነቀ ሰው እርዳታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከአፋችሁ ሊወጣ የነበረ የግፍ ፍርድ መታገድ ሊሆን ይችላል። በጀናዛው ላይ ቆመን «እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን መች አወቅን» ከማለት በሕይወቱ ሳለ ማወቅ ይሻላል።

አላህ ሆይ! ከሰው ሁሉ ተሰውሮ በአንተ ዘንድ የታወቀውን ባሪያህን አሳውቀን። ፊታችንን ከድኻው ከማዞር ጠብቀን። ሳንጠይቅ የፈረድንባቸውን ሰዎች በደል ይቅር በለን፤ እነርሱም ይቅር እንዲሉን ልባቸውን አራራልን። ጆሮአችንን ለእውነት፥ ምላሳችንን ለመልካም ቃል ክፈትልን። ይህን ተናግሬ ለራሴና ለእናንተ፥ ለሙስሊሞችም ሁሉ ከአላህ ምሕረትን እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት፤ እርሱ መሐሪ አዛኝ ነውና። አሚን።